ባዶ የቀረ አጥንት በምን ይሞላ?

ለዓመታት ሲያመረቅዝ የኖረ አጥንት ሲታከም ሐኪሙ የሞተውን ክፍል ጠርቦ ያወጣዋል፤ በቦታው ጉድጓድ ይቀራል። ደም እንደ ልብ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ በመርፌም ሆነ በክኒን የተሰጠ መድኃኒት በበቂ መጠን አይገባም፤ መድኃኒቱን የሚያደርሰው ደሙ ነውና። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ለመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ግን ስፍራው ይመቻቸዋል። በሞተ አጥንት ወይም በባዕድ ነገር ላይ ተጣብቀው የሚያዳልጥ ሽፋን ካበጁ፣ እነሱን ለመግደል የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን እጅግ ይጨምራል፤ እንደ ጄንታሚሲን ያለውን መድኃኒት ያን ያህል በደም ሥር መስጠት ደግሞ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚሞላው ነገር ራሱ መድኃኒቱን ይዞ መግባት አለበት እላለሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ድሬስማን በቲቢ የተበላ አጥንትን በካርቦሊክ አሲድ በተለወሰ ጀሶ ሞልቶ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. የሀምቡርጉ ቀዶ ሐኪም ቡክሆልስና ባልደረባቸው ጄንታሚሲንን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በሚያያዝበት የአጥንት ሲሚንቶ ውስጥ ስለ መቀላቀል ጻፉ። ይህ ሲሚንቶ ጉድጓድ ለመሙላት ሲውልም መድኃኒት ያደርሳል፤ ወደ አጥንት ግን አይለወጥም። መድኃኒቱ ሲሟጠጥ ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ባዕድ ነገር ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። በስዊድን የተሠራውና በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያገኘው፣ ሴራመንት ጂ የተባለው የአጥንት መሙያ ይህንን ችግር በውህደት ይፈታል፦ 60 በመቶው ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም ጀሶ፣ 40 በመቶው ሃይድሮክሲአፓታይት ሲሆን፣ በየሚሊ ሊትሩ 17.5 ሚሊ ግራም ጄንታሚሲን አለበት። ጀሶው በወራት ውስጥ እየሟሟ ለአዲስ አጥንት ቦታ ይለቃል፤ የአጥንታችን ማዕድን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲአፓታይት ደግሞ ማገር ጭቃውን እንደሚይዝ ሁሉ የሚያድገውን አጥንት ይዞ ይቆያል።

ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። አደገኛው ግን ጥቂት በጥቂት ለረጅም ጊዜ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሚሟሟው ጀሶ ይልቅ በማይሟሟው ሲሚንቶ ላይ ይበረታል። ጄንታሚሲንን ከወዲሁ ለለመደ ተህዋስ ሌላ መንገድ ያሻል። ፊንላንድ ውስጥ የተሠራው ኤስ53ፒ4 የተባለ መስታወት ያለ አንቲባዮቲክ፣ የአካባቢውን አልካላይነትና የጨው ክምችት ከፍ በማድረግ ባክቴሪያን ይገታል። ብር የተባለው ማዕድንም ባክቴሪያን ይገድላል፤ መጠኑ ካለፈ ግን አጥንት ሠሪ ሕዋሳትንም አይምርም። የትኛውም ውህድ ቢሆን የሞተ አጥንት በሚገባ ሳይጠረብ ቢሞላበት ፋይዳ የለውም።

የቀረው ዋጋ ነው። ጄንታሚሲንም ጀሶም ርካሽ ናቸው፤ ለሰውነት በሚሆን ንጽሕና ተዘጋጅቶ የሚመጣው ውህድ ግን ውድ ነው፤ የግንባታ ጀሶም ሊተካው አይችልም። ያም ሆኖ ሒሳቡ ሲሠራ ተደጋጋሚው ቀዶ ጥገና፣ በአልጋ ላይ የሚያልፉት ወራትና ሊቆረጥ የሚችለው እግር አብረው ሊቆጠሩ ይገባል።