ጠመንጃ ይዞ መፍራት፦ አስፈሪ የተኩስ ጨዋታዎች በሳይንስ ዓይን

አንድ ወጣት ማታ በክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል እንበል። በሩ ተዘግቷል፤ በአጠገቡ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ፊት ለፊቱ ያለው የብርሃን ነጥቦች ስብስብ ብቻ መሆኑንም አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ልቡ ይመታል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ ከድምፅ ማጉያው ድንገት ኮሽታ ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ይህ ወጣት በጨዋታው ዓለም ውስጥ ባዶ እጁን አለመሆኑ ነው። ጠመንጃ ይዟል።

በተጫዋቹ ዓይን የሚታዩ የተኩስ ጨዋታዎች የሚባሉት ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይውን ከውጭ ሆኖ የሚመለከትባቸው ሳይሆኑ ራሱ ገጸ ባሕርይውን ሆኖ የሚያይባቸው ናቸው። በስክሪኑ ግርጌ የሚታየው መሣሪያና መሣሪያውን የያዘው እጅ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ዋናው ማራኪ ነገር የኃይል ስሜት ነው፤ ያነጣጠሩት ይመታል፣ የመቱት ይወድቃል። ፍርሃት ደግሞ የሚወለደው ከአቅም ማጣት ነው። እንግዲያው ጥያቄው፣ የታጠቀን ሰው ማስፈራት እንዴት ይቻላል? የሚል ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ከተሠሩት አስፈሪ የተኩስ ጨዋታዎች መካከል አራቱን፣ ማለትም ሲስተም ሾክ 2ን፣ ዱም 3ን፣ ፊርን እና ሌፍት ፎር ዴድን እናነጻጽራለን። አራቱም ለጥያቄው የሰጡት መልስ በመሠረቱ አንድ ነው፦ ጠመንጃውን ሰጥተው ሌላ ነገር ይነጥቃሉ። የሚለያዩት በሚነጥቁት ነገርና ለመንጠቅ በተጠቀሙበት ሳይንስ ነው። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንጎላችን ሲደነግጥ

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ይህ አባባል የዘመኑ የአንጎል ሳይንስ ከደረሰበት ግኝት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ለዱ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአይጦች ላይ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ የሚያሰጋ ድምፅ በአንጎል ውስጥ በሁለት መንገዶች እንደሚጓዝ አሳይቷል። አንደኛው አጭር መንገድ ነው፤ ታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ተነሥቶ የለውዝ ቅርጽ ወዳለው አሚግዳላ በቀጥታ ይደርሳል። ሁለተኛው ግን በአንጎል ቅርፊት በኩል ዞሮ የሚመጣ ረጅም መንገድ ነው። አጭሩ መንገድ ፈጣን ቢሆንም ዝርዝር አያውቅም፤ ልጡንና እባቡን አይለይም። ረጅሙ መንገድ «ይህ ልጥ ነው» ብሎ እስኪያረጋጋ ድረስ ሰውነት አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ አድሬናሊን ተረጭቷል፣ የልብ ምት ጨምሯል፣ ጡንቻ ተወጥሯል። ለዱ በኋለኞቹ ሥራዎቹ እንዳሳሰበው፣ ይህ የሰውነት ዝግጅት ራሱ ፍርሃት የተባለው ስሜት አይደለም፤ ስሜቱን ለመፍጠር ሌሎች የአንጎል ክፍሎችም ይሳተፋሉ። ተጫዋቹ «ጨዋታ ነው» እያለም ከወንበሩ የሚነሣበት ምክንያት ግን ከዚህ ግልጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ድንጋጤ በቅጽበት መጥቶ በቅጽበት የሚያልፍ ነው፤ ተደጋግሞ ሲመጣም እየተላመድነው ኃይሉን ያጣል። ሥጋት ግን ገና ያልመጣውን ነገር መጠበቅ ነው፤ ይረዝማል፣ ያደክማል፣ መጨረሻው እስካልታወቀ ድረስም አይለቅም። ጨዋታዎቹን ስናወዳድር ይህ ልዩነት መለኪያችን ይሆናል።

መነሻው፦ የ1993ቱ ዱም

ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱምን ያወጣው በታኅሣሥ 1993 ነው። የጊዜው ኮምፒዩተሮች አቅም ውስን ስለነበር የጨዋታው ዓለም ሙሉ በሙሉ ባለ ሦስት ገጽታ አልነበረም፤ አንድ ክፍል በሌላ ክፍል ላይ ሊደረብ አይችልም ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የተለመዱት ብልሃቶች እዚህ ይገኛሉ፦ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች፣ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲያነሣ ድንገት የሚከፈቱና ጭራቆችን የሚያወጡ ግድግዳዎች፣ የተኩስ ድምፅ ሰምተው የሚነቁ ጠላቶች። ነገር ግን በዱም ጥይት እንደ ልብ ነው፤ ተጫዋቹም ፈጣን ነው። ስለዚህ ጨዋታው ያስደነግጣል እንጂ ብዙም አያሰጋም።

ሲስተም ሾክ 2፦ የመሣሪያን አስተማማኝነት መንጠቅ

በ1999 የወጣው ሲስተም ሾክ 2 ተጫዋቹን ቮን ብራውን በተባለች የጠፈር መርከብ ውስጥ ብቻውን ያስቀምጠዋል። አብዛኞቹ የመርከቧ ሠራተኞች ሞተዋል ወይም በባዕድ ፍጡር ተለክፈው ከሰውነት ወጥተዋል። ጠመንጃ ይገኛል፤ ግን በተተኮሰ ቁጥር ያረጃል፣ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ጥይቱ ጥቂት ነው። ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በብሎን መፍቻ ነው። የተለቀቀ አካባቢ ጸድቶ አይቀርም፤ ጠላቶች ተመልሰው ይመጣሉ።

የጨዋታው ምስል ለጊዜውም ቢሆን እጅግ ያማረ አልነበረም። ኃይሉ ያለው በድምፁ ነው። ጨዋታው የተሠራበት ሶፍትዌር ቀደም ሲል ቲፍ ለተባለው የሌብነት ጨዋታ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ድምፅ በክፍሎችና በበሮች በኩል እንዴት እንደሚጓዝ ያሰላል። በመሆኑም ተጫዋቹ ከግድግዳ ወዲያ የሚንጎራደደውን ፍጡር ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። የተለከፉት ሰዎች እያጠቁት ሳለ «ሽሽ» እያሉ ይለምኑታል። ጆሮ የሰማውን ዓይን ሊያረጋግጠው ስላልቻለ የቀረውን የሚሞላው የተጫዋቹ ምናብ ነው፤ ምናብ ደግሞ ከየትኛውም ሠዓሊ ይበልጥ አስፈሪ ጭራቅ ይሥላል።

ዱም 3፦ ብርሃንን መንጠቅ

ኢድ ሶፍትዌር በ2004 ወደ ዱም ሲመለስ ይዞ የመጣው አዲስ ነገር ጥላ ነው። ቀደም ባሉት ጨዋታዎች አብዛኛው ብርሃንና ጥላ አስቀድሞ ተሰልቶ በግድግዳው ላይ እንደ ቀለም የተቀባ ነበር። በዱም 3 ግን መብራቱ ሲወዛወዝ ጥላውም አብሮ ይወዛወዛል፤ ሁሉም በዚያው ቅጽበት ይሰላል።

ስሌቱ ለሒሳብ ተማሪ ማራኪ ነው። ብርሃን የሚያርፍበት አካል ጠርዞቹ ከመብራቱ ተቃራኒ ወዳለው አቅጣጫ ተስበው በዓይን የማይታይ የጥላ ክልል ይሠራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ፣ ከዓይን ወደ ዕቃው በሚሄደው መስመር ላይ ስንት ጊዜ ወደ ጥላ ክልል እንደተገባና ስንት ጊዜ እንደተወጣ ይቆጠራል። መግባቱ ከመውጣቱ ከበለጠ ዕቃው ጥላ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ ተጫዋቹ ራሱ ጥላ ውስጥ ሲቆም ቆጠራው ይሳሳታል። መፍትሔው ቆጠራውን ከዓይን ሳይሆን ከዕቃው ጀርባ መጀመር ሆነ። የኩባንያው ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በራሱ መንገድ የደረሰበት ይህ ዘዴ በስሙ ሊታወቅ ቢበቃም፣ ክሪኤቲቭ የተባለው የድምፅ ካርድ አምራች ባለሙያዎች ቀድመው አግኝተውት የባለቤትነት መብት ጠይቀውበት ነበር። የጨዋታው የፕሮግራም ጽሑፍ በ2011 ለሕዝብ ሲለቀቅ ካርማክ በዚሁ ምክንያት የጥላውን ክፍል መለወጥ ግድ ሆኖበታል።

ይህ ሁሉ ስሌት ለአንድ ዓላማ ዋለ፦ ለጨለማ። በማርስ ላይ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ውስጥ ተጫዋቹ ባትሪ አለው፤ ነገር ግን ባትሪውንና ጠመንጃውን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ማየት ከፈለገ መተኮስ አይችልም፤ መተኮስ ከፈለገ ማየት አይችልም። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ ተማርረው ነበር፤ ጨዋታው እንደወጣም ባትሪውን በጠመንጃው ላይ በፕላስተር የሚያስር ማሻሻያ በተጠቃሚዎች ተሠራ። በ2012 የወጣው እትምም ባትሪውን ከልብሱ ጋር አያያዘው። ምቾቱ ጨመረ፤ ፍርሃቱ ግን በዚያው ልክ ቀነሰ።

ፊር፦ የጠላትን ሐሳብ መገመትን መንጠቅ

በጥቅምት 2005 ሞኖሊት የተባለው ኩባንያ ያወጣው ይህ ጨዋታ ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ፍርሃት ማለት ነው። ፊር ሁለት ዓይነት ጠላት አለው። አንደኛው ወታደር ነው። ፕሮግራመሩ ጄፍ ኦርኪን እነዚህን ወታደሮች ሲሠራ፣ በ1971 ስትሪፕስ በሚል ስም ለሮቦት የተነደፈውን የዕቅድ አወጣጥ ዘዴ መነሻ አድርጓል። ለወታደሩ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» ተብሎ አይነገረውም። ግብ ይሰጠዋል፤ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ድርጊቶችም ከነቅድመ ሁኔታቸው፣ ከነውጤታቸውና ከነዋጋቸው ይሰጡታል። ከዚያም አነስተኛ ዋጋ ያለውን የድርጊት ሰንሰለት ራሱ ይፈልጋል። በሩ ከተዘጋበት በርግጫ ለመክፈት ይሞክራል፤ ካልሆነለት በመስኮት ይዘላል።

ተጫዋቾች እነዚህ ወታደሮች ተማክረው የሚከቡ ይመስላቸዋል። ኦርኪን በ2006 ባቀረበው ጽሑፍ ግን ያን ያህል የተወሳሰበ የቡድን ስልት እንዳልነበረ ገልጿል። እያንዳንዱ ወታደር የተሻለ መከለያ ሲፈልግ ከጎን የመጣ ይመስላል፤ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ንግግር ደግሞ የጋራ ዕቅድ ያላቸው ያስመስላል። እዚህም የጎደለውን የሞላው የሰው ምናብ ነው።

ሁለተኛዋ ጠላት ቀይ ቀሚስ የለበሰች አልማ የተባለች ሕፃን ናት። ተጫዋቹ በመሰላል ሊወርድ ፊቱን ሲያዞር፣ ከአፍታ በፊት ባዶ በነበረው ቦታ ላይ ቆማ ያገኛታል። በዚያች ሰዓት ጠመንጃ ምንም አይፈይድም። ወታደሮቹን እንደ ልቡ የሚጥለው ተጫዋች በአንዲት ሕፃን ፊት ትጥቁ ዋጋ ያጣል።

ሌፍት ፎር ዴድ፦ ትውስታን መንጠቅ

ከላይ ያየናቸው ጨዋታዎች አንድ የጋራ ድክመት አለባቸው፤ አንድ ጊዜ የተጫወታቸው ሰው ብዙውን ያስታውሳል። ቫልቭ በኅዳር 2008 ያወጣው ሌፍት ፎር ዴድ የተነሣው ይህን ለማስቀረት ነው። አራት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ አራት ተጫዋቾች፣ በወረርሽኝ ከተለከፉ ሰዎች መንጋ ለማምለጥ ይጥራሉ። መንጋው መቼና ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው ዳይሬክተር የተባለ ፕሮግራም ነው።

ዳይሬክተሩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የውጥረት መጠን ይገምታል። ተጫዋቹ ሲቆስል፣ ሲወድቅ ወይም ጠላት አጠገቡ ሲገደል ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ጣሪያ ሲነካ ዳይሬክተሩ ጥቃቱን ያቆምና ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ለሚደርስ ጊዜ ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያም እንደገና ያከማቻል። የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን የግብረ መልስ ቁጥጥር ብለው ያውቁታል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚቆጣጠረው የሙቀት መጠን ሳይሆን የሰው ስሜት መሆኑ ነው። ዕረፍቱ ደግነት አይደለም። ያለማቋረጥ የሚፈራ ሰው ይለምደዋል፤ ዕረፍት ያገኘ ሰው ግን ቀጣዩን ይጠብቃል። በ2011 የቫልቭ ባልደረባ ማይክ አምባይንደር እንዳቀረበው፣ ኩባንያው የተጫዋቾችን ላብ በቆዳቸው ላይ እየለካ ዳይሬክተሩን በግምት ሳይሆን በልኬት የመምራት ሙከራም አድርጓል።

የትኛው ይበልጣል?

በድንጋጤ ከተመዘኑ ዱም 3 ቀዳሚ ነው፤ ነገር ግን ጥቃቱ ከጨለማ ጥግ መምጣቱን ተጫዋቹ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚለምድ ኃይሉ ይደክማል። በተደጋጋሚ ለመጫወት ሌፍት ፎር ዴድ አቻ የለውም፤ ሆኖም ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ፍርሃት ይካፈላልና ጥልቀቱ ይቀንሳል። ፊር በፍልሚያው እጅግ ብልህ ነው፤ ሁለቱ ጠላቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ስለሚመጡ ተጫዋቹ አሁን የመተኮስ አሁን የመፍራት ሰዓት መሆኑን ይለያል። በእኛ ሚዛን በሥጋት የሚበልጠው ከአራቱ በዕድሜ አንጋፋውና በምስል ጥራት የመጨረሻው የሆነው ሲስተም ሾክ 2 ነው። የሚነጥቀው ነገር ለአፍታ አይመለስም፤ መሣሪያው ሁልጊዜ ያጠራጥራል፣ ጆሮም ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል። ከዚህ የምንማረው ፍርሃት የሚለካው ኮምፒዩተሩ በሚያሳየው ሳይሆን በሚደብቀው መሆኑን ነው።

ልክ ያለው ፍርሃት

ሰው በገንዘቡ ፍርሃትን የሚገዛው ለምንድን ነው? በ2020 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 110 ሰዎች ሆን ተብሎ ለማስፈራሪያ በተዘጋጀ ቤት ውስጥ ሲያልፉ የልብ ምታቸውን ለክቷል። ውጤቱ እንደሚያመለክተው ደስታ የሚገኘው በመካከለኛው ፍርሃት ነው፤ ሲያንስ ይሰለቻል፣ ሲበዛ ያስመርራል። ያ መካከለኛ ስፍራ ግን ከሰው ሰው፣ ከዕድሜ ዕድሜ ይለያያል። አራቱም ጨዋታዎች በአሜሪካ የተመደቡት ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ነው። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ አንባብያን ይህን ልትዘነጉ አይገባም፤ የተቀሰቀሰ ልብም ቶሎ ስለማይተኛ ለራሳችሁም ቢሆን በፈተና ዋዜማ ሌሊት የሚመረጥ መዝናኛ አይደለም።

ለሳይንስ ተማሪ ግን እነዚህ ጨዋታዎች ከመዝናኛነት ያለፈ ነገር ይዘዋል። ጥላውን የሠራው ጂኦሜትሪ፣ ወታደሩን ያሳሰበው የግራፍ ፍለጋ፣ መንጋውን የሚመራው የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው ናቸው። ሠሪዎቹ ከቀመሩ በተጨማሪ ያወቁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በስሌቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው በልጥ የሚበረግግ ፍጡር መሆኑን ነው።