የደረቀው እግር ለምን ያቃጥላል?

የአሰቦት ደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳምን ሊሳለም ተራራውን በእግሩ የወጣ ሰው፣ ሰውነቱ ማንም ሳያዘው ስንት ሥራ እንደሚሠራ ያውቃል። ልብ ይደልቃል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ላብ ከግንባር እስከ ጀርባ ይወርዳል። ጥላ ሥር ተቀምጦ ውኃ ሲቀምስ ሁሉም ቀስ በቀስ ይሰክናል። ይህን የሚመራው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ነው፤ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ላንግሊ እ.ኤ.አ. በ1898 «አውቶኖሚክ» ብሎ ሰይሞታል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ክንፉ ለሩጫና ለአደጋ ያነሣሣል፤ ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ደግሞ ለዕረፍትና ለምግብ መፍጨት ያረጋጋል።

ከተራራው በታች ባለው ቆላ፣ ሰው ሁሉ ላቡን በሚጠርግበት ቀትር፣ እግሩ ጠብታ ላብ የማያወጣ ሰው አለ እንበል። ቀን እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ሌሊት ግን ያው እግር እንደ ፍም ያቃጥለዋል። አንዱ ጎረቤት «ብርድ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ምች መትቶህ ነው» ይላል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የሚናገረው ስለ ማቃጠሉ ብቻ ነው። የእግር መድረቅን ማን ከሕመም ይቆጥረዋል? እኔ ግን ድርቀቱም መነገር አለበት እላለሁ፤ ሁለቱ የአንድ ጉዳት ልጆች ናቸውና።

ነርቭ የብዙ ክሮች ጥቅል ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ሽፋን ስላላቸው መልእክት በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ያስኬዳሉ፤ መዳሰስና የጡንቻ እንቅስቃሴ የእነርሱ ድርሻ ነው። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ በሰከንድ ከ2 ሜትር ብዙም አያልፉም። የሚያቃጥለውን ሕመምና ሙቀትን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ከእነዚህ ቀጫጭኖች ወገን ናቸው፤ ላብ ዕጢዎችንና ደቃቅ የደም ሥሮችን የሚያዙትም እንዲሁ። ቀጭኑን ክር የሚበላ በሽታ ታዲያ ላብንም ስሜትንም አብሮ ይነካል። የተረፉት የቆሰሉ ክሮች ማንም ሳይነካቸው መልእክት ይተኩሳሉ፤ ሕብለ ሠረሠርም የለመደው ወሬ ሲጠፋበት የቀረውን አጉልቶ መስማት ይጀምራል። የደነዘዘ እግር የሚያመው ለዚህ ነው።

ይህን ከሥጋ ደዌ የበለጠ የሚያሳይ በሽታ አላውቅም። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ቀዝቀዝ የሚሉትን የሰውነት ክፍሎች ይመርጣል፤ ነርቭን አቅፈው በሚይዙ ሕዋሳት ውስጥም ይራባል። ላብ ሲቀር ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ይቆስላል፤ ቁስሉ ስለማይሰማ ሰውየው ይራመድበታል። ሐረርጌ ይህን መከራ በቅርብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ከሐረር ወዲያ ያለው የቢሲዲሞ ማዕከል ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ በሃንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1970 ተከተሉ።

ሥጋ ደዌ ለረጅም ዘመን «የማያም በሽታ» ተብሎ ይነገርለት ነበር። ሆኖም በአለርት ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ከእነርሱ መካከል ከነርቭ ጉዳት የሚመጣ ሕመም ያለባቸው እንዳሉ አሳይቷል። ባክቴሪያው ሞቷል፤ የተጎዳው ነርቭ ግን ቀርቷል። «ድነሃል፣ ምን ያምሃል?» የሚባለው ሰው እውነቱን እየተናገረ ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ሕመሙ ራሱ ያንን ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራውን የነርቭ ሥርዓት ያውካል። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሕመም ሲምፓቴቲክን አላሳርፍ ይላል። እንቅልፍ ይሸሻል፤ የልብ ምት እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ ማለቱን ይቀንሳል፤ ሆድም ይታወካል። የስኳር ሕመምም ያንኑ ቀጭን ክር ይጎዳል፤ ታማሚው እግሩ እያቃጠለው፣ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል የደም ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሐኪሞች ከሚያዙት አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው። የድብርት መድኃኒት ስለሆነ «አእምሮህ ታወከ አሉህ ወይ?» እያሉ የሚያስጥሉ ዘመዶች አሉ። እባካችሁ አታስጥሉ፤ በትንሽ መጠን የሚታዘዘው ሕመሙን ለማብረድ ነው። ነገር ግን አፍ ያደርቃል፤ ሲነሡም ሊያዞር ይችላል፤ ምክንያቱም እርሱም ያንኑ የማይታዘዝ የነርቭ ሥርዓት ይነካል። ሲነሡ የሚያዞረው ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር።

ስለዚህ ወደ ሕክምና ስትሄዱ ያመማችሁን ብቻ አትናገሩ። የማያልበውን እግር፣ የደነዘዘውን የቆዳ ነጭ ምልክት፣ ስትነሡ የሚያዞራችሁን ሁሉ ንገሩ። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ ነርቩ ሳይሞት ከተጀመረ እጅና እግርን ያተርፋል።