የማቀዝቀዣ ጋዝና የመጠጥ ውሃ፦ ተረትና እውነታ

የፍሪጅና የመኪና ኤሲ ጋዝ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ኦዞንን ነው። አንዳንዱ ጋዝ ሲፈርስ የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ግን ከዝናብ ጋር ወርዶ የምንጠጣው ውሃ ውስጥም ይገባል።

ተረት፦ ያመለጠ ጋዝ በአየር ላይ ተበትኖ ይጠፋል።
እውነታ፦ በአዳዲስ መኪኖች ኤሲ ውስጥ የሚሞላው አር-1234ዋይኤፍ አየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሲፈርስ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ (ቲኤፍኤ) ይለወጣል። ይህ አሲድ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ በዝናብ አማካይነት ወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ፀረ ተባዮችም ያንኑ አሲድ ይፈጥራሉ።

ተረት፦ ለአየር ንብረት የተሻለ ጋዝ ለውሃም ደህና ነው።
እውነታ፦ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በአዲስ መኪኖች ላይ የቀደመውን አር-134ኤ የከለከለው ምድርን በማሞቅ አቅሙ ምክንያት ነው። ለውጡ ለአየር ንብረት ጠቅሟል፤ መመዘኛው ግን ውሃን አይለካም።

ተረት፦ ቲኤፍኤ ያለበትን ውሃ የጠጣ ወዲያው ይታመማል።
እውነታ፦ ጀርመን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የጤና መመሪያ መጠን በሊትር 60 ማይክሮግራም ነው፤ በመጠጥ ውሃ የሚለካው በአብዛኛው ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ስጋቱ ሌላ ነው። ቲኤፍኤ በተፈጥሮ ስለማይፈርስ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ነፍሰ ጡር ጥንቸሎች ላይ በተደረገ ሙከራ የፅንሶቹ ዓይን ተጎድቶ ተገኝቷል። ስለዚህም ጀርመን ንጥረ ነገሩ ለመራባት ጎጂ ተብሎ እንዲመደብ ለኅብረቱ ሐሳብ አቅርባለች።

ተረት፦ ውሃውን ማፍላት ወይም በከሰል ማጣራት ይበቃል።
እውነታ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ቲኤፍኤን ግን አያጠፋም። ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ ያለው የቲኤፍኤ ክምችት እንዲያውም ይጨምራል። የከሰል ማጣሪያም እምብዛም አይይዘውም። የሚይዘው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ የለየውን ቲኤፍኤም ከቆሻሻ ውሃ ጋር መልሶ ወደ ውጭ ይለቀዋል።

ተረት፦ የፍሪጅ ጋዝ በየጊዜው ያልቃል፤ ማስሞላት ብቻ ነው።
እውነታ፦ ጋዙ የሚዞረው በተዘጋ ቱቦ ስለሆነ በአገልግሎት አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት ገንዘብንም ጋዙንም አየር ላይ መበተን ነው። ባለሙያው አሮጌውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር እንዲሰበስብ ጠይቁ። አዲስ ፍሪጅ ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አር-600ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ፍሎሪን ስለሌለው ቲኤፍኤ አይፈጥርም። ቲኤፍኤ አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ስለሆነ፣ መከላከል የሚቻለው ጋዙ ከማምለጡ በፊት ነው።