«ኔትወርክ የለም» ከማለታችሁ በፊት

ስልካችን አንድ ገጽ አልከፍት ሲለን ሁላችንም የምንለው ያው ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። ጥቅሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሲሙ ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል። የምንከፍተው ድረ ገጽ ራሱ ተጨናንቆም ሊሆን ይችላል። መልሳችን ግን አንድ ነው። ስልኩን አጥፍተን እናበራለን፣ እምቢ ካለ ትተነው እንቀመጣለን። ቀኑ የፈተና ውጤት የሚታይበት ወይም የሥራ ማመልከቻ የሚዘጋበት ከሆነ ግን ትቶ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል።

እኔ ብልሽት መፈለግን የተማርኩት ከስማርት ስልክ በፊት፣ ኢንተርኔት እየተደወለ በሚገባበት ዘመን ነው። «ዳያል አፕ» ይባል ነበር። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም ነው፤ አገልግሎቱን የሚሰጠውም የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በዚያው በመደበኛው የቤት ስልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈውም ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ዜሮና አንድ ነው። ሞደም የሚባለው ዕቃ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆኖ ቁጥሩን ወደ ድምፅ፣ ድምፁን መልሶ ወደ ቁጥር ይቀይራል። ሲደወል የሚሰማው ጩኸትና ሽሽታ ሁለት ሞደሞች በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ሲስማሙ ነው። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት፣ ማለትም 7 ኪሎ ባይት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምትላላኩት 30 ሜጋ ባይት ቪዲዮ፣ መስመሩ እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር።

በዚያ ላይ ሒሳቡ የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲይዝ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚደውል ሰው አያገኛችሁም። ስለዚህ ችግሩ የት እንዳለ ሳያውቁ ደጋግሞ መሞከር ብር ማቃጠል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምዕራብ ሸዋ፣ እንጭኒ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑ ዘመዴ ቤት ነው። ለልጃቸው የነፃ ትምህርት ዕድል ፎርም በኢሜይል መጥቶላታል፤ እስከ ሰኞ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልገናኝ ብሏል። «ልጄ፣ ወይ መስመሩ ሞቷል፣ ወይ ይሄ ዕቃ ተቃጥሏል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስኪ መጀመሪያ ምን እንደሚል እንየው» ብዬ ደወልኩ። ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር 680 ወጣ። ትርጉሙ «የመደወያ ድምፅ አልሰማሁም» ነው። የቤቱን ስልክ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንግዲህ መስመሩ አልሞተም፤ ችግሩ ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ ባለችው ሁለት ሜትር ውስጥ ነው። ሞደሙ ከኋላ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለመስመር፣ ሌላው ለስልክ። ከግድግዳው የመጣው ገመድ የተሰካው በስልኩ ቀዳዳ ነበር። ቀየርኩትና ደወለ።

ቀጥሎ 691 መጣ። የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል አልተቀበልኩም ማለት ነው። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ጥሪው ወዲያኛው ጫፍ ደርሶ መልስ አምጥቷላ! ኪቦርዱ ላይ የትልልቅ ፊደል ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል። እሱን አጥፍተን ቃሉን እንደ አዲስ ጻፍነው፤ ገባ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተቋረጠ። ደግመን ገባን፤ ደግሞ ተቋረጠ። በሦስተኛው ላይ ከጓዳ «ሃሎ? ሃሎ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለካ እዚያም አንድ ስልክ ተቀጥሏል። እትዬ የሚደወልላቸው እየመሰላቸው በየጊዜው ያነሱታል፤ እሳቸው ሲያነሱ ሞደሞቹ መደማመጥ ያቅታቸዋል። «እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይታገሱን» አልናቸው። ፎርሙ ማታውኑ ሄደ። ከኮምፒውተሩም ሆነ ከመስመሩ የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ሌሎች ቁጥሮችም ነበሩ። 676 መስመሩ ተይዟል ነው፤ ጥቂት ቆይቶ መሞከር። 678 የሚመልስ የለም ነው፤ መጀመሪያ የሚደወለው ቁጥር ትክክል መሆኑን ማየት። 633 ሞደሙን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ወይም ሶፍትዌሩ በትክክል አልተጫነም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ተከፍቶ የተረሳ የፋክስ ፕሮግራም ይገኛል። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ገመዱን ከግድግዳ መንቀል ግድ ነበር። መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ ሞደም ያቃጥላል፤ የተቃጠለን ሞደም ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ያ ዘመን ያስተማረን ነገር ቢኖር መንገዱን ቆራርጦ ማየት ነው። ኮምፒውተር፣ ሞደም፣ ገመድ፣ መስመር፣ የይለፍ ቃል። አንዱን ፈትሸህ ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከነካካህ ግን የትኛው እንዳዳነው አታውቅም።

የዛሬው ስልክ ይህን ሁሉ ደብቆባችኋል። አይጮህም፣ ቁጥርም ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ሰንሰለቱ ግን አሁንም አለ፤ በቅደም ተከተል ሂዱበት። መጀመሪያ ሌላ ገጽ ወይም ሌላ አፕ ክፈቱ፤ ከሠራ ችግሩ የዚያ ገጽ ብቻ ነው። ሁሉም እምቢ ካለ የአውሮፕላን ምልክቱ አለመብራቱን፣ ዳታው መከፈቱን እዩ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ *804# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን አረጋግጡ። ከዚያ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የስልካችሁ ነው። ስልኩ አዲስ ከሆነ ወይም ሴቲንጉ ከጠፋ «ኤፒኤን» የሚለውን ክፈቱ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም «ኢቲሲ ዶት ኮም» በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ አለበት። ኢቲሲ ያ የድሮው ኮርፖሬሽን ምህጻረ ስም ነው። ኮርፖሬሽኑ በ2003 ዓ.ም በኢትዮ ቴሌኮም ቢተካም ስሙ እስከ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ አለ።

ይህን ሁሉ አይታችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ስልክም በዚያው መስመር ካልሠራ፣ ያኔ «ኔትወርክ የለም» በሉ። 994 ስትደውሉም ምን ምን እንደሞከራችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላላችሁ። እንዲህ የሚናገር ደንበኛ «ስልኩን አጥፍተው ያብሩት» ተብሎ በቀላሉ አይሸኝም።