ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማው አይዞርም፤ ጥፋቱ የት ነው?

በግንቦትና በሰኔ በወረታ ዙሪያ ለሚመላለስ ሰው ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር እንግዳ አይደለም። ገበሬው ከኋላ በእግሩ እየተከተለ፣ ሁለት ረጃጅም እጀታዎቹን ይዞ ያርስበታል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን፣ ቀድሞ ውሃ የሚተኛበትና የታወቀው የፎገራ ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ሰፊው ክፍል ዛሬ የሩዝ ማሳ ሆኗል። ግጦሽ ሲጠብ በሬ ማቆየት ይከብዳል። ማሽኑን ተፈላጊ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ማሽኑ በእርሻው ሳምንት መካከል ቆመ እንበል። የፎገራ ዋልካ አፈር ቀጠሮ አያውቅም፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ሲጠግብ ጭቃ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ከወጡማ ነገሩ አለቀ። መካኒክ እስኪመጣ አንድ ሳምንት መጠበቅ የአንድ ዓመት እህል ሊያስቀር ይችላል። ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህርም «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይህን ነገር እየው» መባሉ አይቀርም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። ሞተሩ ዱክ ዱክ እያለ በደህና ይሠራል፤ ጎማው ግን ወይ ጨርሶ አይሄድም፣ ወይ ማረሻው አፈር ሲነክስ ይቆማል። ይኼኔ ሰው ሁሉ የማርሽ ሳጥኑን ለመክፈት ይቸኩላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሥራን ከጭራው መጀመር ነው። ሳጥኑ በሜዳ ላይ ከተከፈተ ጭቃና አሸዋ ይገባበታል፤ ደህና የነበረውም ይበላሻል።

በቅድሚያ ጉልበቱ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ወይም 8.8 ኪሎ ዋት ያህል አለው። ይህ ጉልበት ከሞተሩ ፑሌጃ በቺንጋ ወደ ትልቁ ፑሌጃ ይሻገራል። ከዚያ በፍሪሲዮን አልፎ ወደ ማርሽ ሳጥን፣ ከሳጥኑም ወደ ጎማው ይደርሳል። ትልቁ ፑሌጃ የትንሹ እጥፍ ስፋት ካለው፣ ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እሱ 1000 ጊዜ ይዞራል፤ የማዞር ኃይሉ ግን እጥፍ ይሆናል። ማርሽ ሳጥኑም ይህንኑ ሥራ ደጋግሞ ይሠራል፤ ፍጥነት እየሰጠ ጉልበት ይገዛል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሞተሩ ይጥፋ፣ የናፍጣው መዝጊያ ይዘጋ፣ በአንደኛ ማርሽ ይግባ፣ ፍሪሲዮኑም ይያያዝ። ከጎማዎቹ ፊት ከባድ ድንጋይ ይደረግ። በትልቁ ፑሌጃና ፑሌጃው በተተከለበት ዘንግ ላይ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። ከዚያ አንድ ሰው የሲሊንደሩን አየር ማስለቀቂያ ከፍቶ በእጅ ማዞሪያው ሞተሩን ቀስ ብሎ ያዙር፤ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይመልከት። ሁሉም ደህና ከሆነ ማዞሪያው ይከብዳል፤ ጎማው በድንጋዩ ተይዟልና። ማዞሪያው በቀላሉ ከዞረ ግን አንድ ቦታ ላይ እየሾለከ ነው። የሞተሩ ፑሌጃ ዞሮ ትልቁ ከቆመ ጥፋቱ ቺንጋው ነው። የጠመኔው መስመር ለሁለት ከተለያየ፣ ፑሌጃውን ከዘንጉ የሚያያይዘው ነገር ለቋል፤ በአንዳንዱ ማሽን ይህ ራሱ ፍሪሲዮኑ ነው፣ በሌላው ደግሞ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። ዘንጉም ዞሮ ጎማው ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው ወደ ሳጥኑ የምንሄደው።

ስለ ቺንጋው ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ አብዛኛው ጣጣ ከዚያ ነውና። ይህ ቺንጋ ጎኖቹ ወደ ውስጥ የጠበቡ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ፑሌጃው ቦይ ውስጥ ይሰካል። የሚይዘው በጎንና በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም። ስለዚህ የፑሌጃው ቦይ ወለል እንደ መስታወት ካበራ፣ ቺንጋው በልቶ ቀጥኗል፣ ሆዱም ወለሉን እየነካ ይንሸራተታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቺንጋ የቱንም ያህል ቢወጥሩት አይረባም። ከመጠን በላይ መወጠሩ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። ጎኑ ካልተበላና የላላ ብቻ ከሆነ ግን የሞተሩን ብሎኖች አላልቶ፣ ሞተሩን ወደ ፊት ገፍቶ ማጥበቅ ይበቃል። መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት በመጠኑ ሊረግብ ይገባል፤ መመሪያ መጽሐፉ ልኩን ከጻፈ እሱ ይበልጣል። ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን በሲባጎ ማየት ይቻላል፤ ጠርዛቸው እኩል ከሆነ የተወጠረው ሲባጎ ሁለቱንም ያለ ክፍተት ይነካል። ካልሆነ አዲሱም ቺንጋ ቶሎ ያልቃል።

ዘይት የነካው ቺንጋ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል። እንዳይንሸራተት ብሎ አሸዋ መበተን ደግሞ ፑሌጃውን ማስበላት ነው።

ፍሪሲዮኑን በተመለከተ፣ ማንሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት የላላ ጉዞ ያስፈልገዋል። ያ ከጠፋ ሸክላዎቹ በደንብ አይጫኑም፤ ይሞቃሉ፣ ይሸታሉ፣ ያልቃሉ። ብዙውን ጊዜ ማስተካከያዋን ዳዶ ጥቂት ማዞር ይበቃል። በጎማው ዘንግ ላይ የሚጠመጠመው የሩዝ ገለባም በየማታው ይነቀል፤ የዘይቱን መከላከያ ጎማ ቀዶ ዘይቱን ያፈስሳል፣ ጭቃውንም ያስገባል።

በነገራችን ላይ በከተማ ግቢዎች የሚታየው በእግር የሚከተሉት የሣር ማጨጃም፣ ራሱን የሚገፋው ዓይነት ከሆነ፣ የዚሁ ማሽን ታናሽ ወንድም ነው። እዚያ በቅድሚያ የሚታዩት የረገበ ሽቦ፣ ያለቀ ቺንጋና በጎማው ውስጥ ያለው የተበላ የፕላስቲክ ጥርስ ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በብዙ ማሽን ላይ የቺንጋው መሸፈኛ ቆርቆሮ ለጥገና ይፈታና እዚያው ይቀራል። የሚዞር ቺንጋ የጋቢን ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ይዞ ይሄዳል፤ ጣትም ከፑሌጃ ጋር ተከራክሮ አያውቅም። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መሸፈኛው ይመለስ፣ ጋቢውም ይውለቅ።

ቺንጋ ለመግዛት ሲኬድ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። ጽሑፉ ሳይጠፋ በማሽኑ እጀታ ላይ በቀለም ቢገለበጥ ይመረጣል። ማሽኑ ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚይዝ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አሮጌው የረዘመ ስለሆነ ጭነቱ በሙሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃልና። አዲስ ቺንጋ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ስለሚረግብ፣ በመጀመሪያው ቀን ማታ ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ይጠበቃል።