የጦርነት ጠባሳ በሥራ ገበታ ላይ፦ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የፒቲኤስዲ ካሣና የሥራ ቦታ ግጭት

ከጦር ሜዳ ተመልሶ በሲቪል መሥሪያ ቤት የተቀጠረ አንድ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ማመልከቻዎችን ሊጽፍ ይችላል። በመጀመሪያው፣ ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሚያቀርበው፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደጎዳው ይዘረዝራል። በሁለተኛው፣ ለቀጣሪው በሚያቀርበው፣ ሥራውን በሚገባ መወጣት እንደሚችል ያረጋግጣል። ይህን የተመለከተ አለቃ ወይም ባልደረባ «ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው» ብሎ ቢደመድም አያስገርምም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ድምዳሜ ለምን ስሕተት እንደሆነ ማስረዳትና በሥራ ቦታ የሚነሣው ግጭት ከየት እንደሚመነጭ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሕመሙ ስያሜና የካሣው መለኪያ

ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለው የጭንቀት ሕመም፣ በተለምዶ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ የሰፈረው በ1980 ነው። ለዚህም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና ደጋፊዎቻቸው ያደረጉት ግፊት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሕመሙ ስም ማግኘቱ ግን የሕክምና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ካሣ የሚጠየቅበትንም በር ከፈተ።

ለአእምሮ ሕመም ካሣ ሲወሰን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ሠንጠረዥ ጉዳቱን በ0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 በመቶ ይመድባል። የምደባው መሠረት ሕመሙ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉድለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሕጉ የሚያሰላው እንዲህ ያለው ጉዳት የሰዎችን ገቢ የማግኘት አቅም በአማካይ ምን ያህል እንደሚቀንስ እንጂ፣ ይህ የተለየ ሰው ይህን የተለየ ሥራ መሥራት መቻል አለመቻሉን አይደለም። ስለዚህ የ50 ወይም የ70 በመቶ ተመዳቢ ሆኖ በሙሉ ጊዜ ሥራ ላይ መገኘት ሕግን መተላለፍ አይደለም። «በጉዳቴ ምክንያት ራሴን የሚያስተዳድር ሥራ መያዝ አልቻልሁም» በሚል ተጨማሪ ምክንያት የሙሉ ካሣ ክፍያ የሚቀበል ሰው ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ የእርሱ መብት ከሥራው ሁኔታ ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው።

የጥርጣሬው ምንጭና ማስረጃው

የካሣ ጥያቄን በተመለከተ ክርክሩ የጠነከረው ሕመሙ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2010 ባወጣው ደንብ፣ በጠላት ወይም በአሸባሪዎች ጥቃት ፍርሃት የተነሣ ለታመመ ወታደር የማስረጃው ሸክም ቀለለ። የመሥሪያ ቤቱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ካረጋገጠለትና ቃሉ ካገለገለበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማ፣ ስለ ገጠመኙ የሚሰጠው የራሱ ቃል በቂ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎች ይህን በጦር ሜዳ መዝገብ ላልተያዘለት ወታደር የተደረገ ፍትሕ አድርገው ሲያዩት፣ ተቺዎች የማጭበርበሪያ ቀዳዳ ነው አሉ።

በዚህ ረገድ የቬትናም ተመላሾች ጥናት አስተማሪ ነው። በምክር ቤቱ ትእዛዝ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከወንዶቹ 30.9 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው፣ 15.2 በመቶው ደግሞ ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ሕመሙ እንደነበረባቸው ገምቶ ነበር። ቁጥሩ ተጋንኗል የሚል ተቃውሞ በመነሣቱ ተመራማሪዎች መረጃውን ከወታደራዊ መዛግብት ጋር አመሳክረው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። ግምቱ ወደ 18.7 እና 9.1 በመቶ ዝቅ አለ። ሆኖም የሐሰት ቃል ምልክት ያገኙት እጅግ ጥቂት ነበር፤ ለጦርነት የተጋለጠው መጠን በጨመረ ቁጥር ሕመሙም እንደሚጨምር ይበልጥ ጎልቶ ታየ። የመለኪያ ልዩነት ቁጥርን ይለውጣል፤ የቁጥር መለወጥ ግን ታማሚውን ዋሾ አያደርገውም።

ግጭቱ በሥራ ቦታ እንዴት ይፈጠራል?

የሕመሙ ምልክቶች በቢሮ ውስጥ በቀላሉ የጠባይ ጉድለት ይመስላሉ። በድንገተኛ ድምፅ መደንገጥ፣ ጀርባን ለበር ሰጥቶ ለመቀመጥ አለመፍቀድ፣ በእንቅልፍ እጦት መዘግየት፣ ቶሎ መቆጣትና ከስብሰባ መሸሽ ለማያውቅ ሰው ትዕቢት ወይም ስንፍና ናቸው።

የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የ1990 ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትን ቀጣሪ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። የመቀመጫ ቦታን መለወጥ፣ ለሕክምና ቀጠሮ ሰዓት ማስተካከል፣ መመሪያን በጽሑፍ መስጠት ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ከወታደራዊ አገልግሎት ለሚመለሱ ሰዎች የወጣው የ1994 ሕግም በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ወይም ለተባባሰ ጉዳት ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል፤ እርሱም የሠራተኛ ቁጥር ገደብ የለውም።

ይሁንና ሕጉ ራሱ ሳይፈልግ ለቅሬታ ምክንያት ይሆናል። ቀጣሪው የሠራተኛውን የጤና ምስጢር መጠበቅ ስላለበት፣ ለእገሌ ሰዓቱ ለምን እንደተለወጠለት ለባልደረቦቹ መናገር አይችልም። እነርሱ የሚያዩት ልዩ መብቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም፤ ክፍተቱንም ሐሜት ይሞላዋል። በአንጻሩ ሕመሙ ለጥፋት መሸፈኛ አይሆንም። ከሥራው ጋር የሚጣጣምና በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ የሥነ ምግባር ደንብ ለቀድሞው ወታደርም ይሠራል። «አደገኛ ነው» ብሎ ማግለል ግን በተጨባጭ ማስረጃ የተደገፈ፣ ያንን ግለሰብ ብቻ የሚመለከት ምዘና ይጠይቃል፤ ፒቲኤስዲ የሚለው ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለቱ ማመልከቻዎች ይቃረናሉን?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዚህ የቀረበ ጥያቄ በ1999፣ ክሊቭላንድ በተባለች ከሳሽ ስም በሚታወቀው መዝገብ፣ መልስ ሰጥቷል። ከሳሿ ወታደር አልነበረችም፤ በአንጎል የደም ዝውውር መታወክ ታማ «መሥራት አልችልም» በማለት የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ጠይቃ፣ ከሥራ ስትባረር ደግሞ በአካል ጉዳተኞች ሕግ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ እንደወሰነው፣ የዋስትናው ሕግ ማመቻቸትን ከግምት አያስገባም፤ የመብት ሕጉ ግን «ማመቻቸት ቢደረግላት ትችላለችን?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱ ቃሎች በአንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ከሳሿ ግን የሚመስለውን ተቃርኖ በበቂ ማስረዳት አለባት። ይህ አመክንዮ ለቀድሞ ወታደሮችም ብርሃን ይሰጣል፤ አንደኛው ማመልከቻ የጠፋውን ይቆጥራል፣ ሌላው የቀረውን።

ማጠቃለያ

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል፤ ዛሬም ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ተዋጊዎችን የመመለስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። ከአሜሪካው ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የካሣ መለኪያና የሥራ ብቃት መለኪያ ተለይተው ሊያዙ፣ የሥራ ኃላፊዎችም ይህን ልዩነት አስቀድመው ሊማሩ ይገባል። ያለዚያ፣ የታመመው ሰው ሕመሙን ቢገልጥ ሥራውን፣ ቢደብቅ ጤናውን ያጣል።