ወባ የለም

ጋምቤላ በሠራሁባቸው ዓመታት እጄ አብዝቶ የጻፈው «ኔጌቲቭ» የሚለውን ቃል ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲመጣ ከጣቱ ደም ወስጄ ስላይድ ላይ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ በጂምሳ አቅልሜ የወባ ተውሳክ እፈልጋለሁ። ወረፋ ሲበዛ ወፍራሙን ብቻ ነበር የማየው፤ ተውሳኩ እዚያ ቶሎ ይገኛል። ቀይ የደም ሴሎቹ ግን ወፍራሙ ላይ ስለሚፈርሱ ቅርጻቸው አይታይም።

አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን ይዛ በአንድ ክረምት አራት ጊዜ መጣች። ሦስቴ ኔጌቲቭ ብዬ መለስኳት። በአራተኛው፣ «ዶክተር፣ ወባ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ በአስተርጓሚ። እዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። የልጁ እጆችና እግሮች አብጠዋል፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ስሱን ቅባ አየሁት። ከክቦቹ ሴሎች መካከል ጫፍና ጫፋቸው የሾለ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡ ነበሩበት።

ሲክል ሴል ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲለቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ሴሉን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠው ሴል ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። 120 ቀን መኖር የሚገባው ሴል በ10 ወይም በ20 ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ የደም ማነሱ የብረት እጥረት አይደለም፤ ያቺ እናት ግን የአይረን ሽሮፕ ስትገዛ ከርማለች።

አባትየው «ከማናችን ነው የመጣው?» አለ። ከሁለታችሁም አልኩት፤ በየእርግዝናው ልጁ ታማሚ የመሆን ከአራት አንድ ዕድል አለው። ሁለቱም የበሽታውን ዘረ መል አንዳንድ ብቻ ስለያዙ ጤነኞች ናቸው። አንዷን ዘረ መል ብቻ የያዘ ሰው ከከባድ ወባ በከፊል እንደሚጠበቅ አንቶኒ አሊሰን በ1954 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ወባ በጸናበት አገር ይህ ዘረ መል የበዛውም ለዚህ ነው።

ልጁ ፔኒሲሊንና ፎሊክ አሲድ ተጀመረለት። ውኃ አብዝታ እንድታጠጣው፣ ብርድ እንዳይመታው፣ ትኩሳት ሲይዘው ሳታሳድር እንድታመጣው ነገርናት። ሆዱን እየዳበሰች የጣፊያውን ማበጥ መለየትም ተማረች፤ ከኛ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ስላይዶቻችንን ለጥራት ቁጥጥር ሣጥን ውስጥ እናስቀምጣለን። ማታ የልጁን ሦስት የቀድሞ ስላይዶች አወጣሁና ስስ ስሱን አየሁ። ማጭዶቹ በሦስቱም ላይ ነበሩ።